ስንት ፓውንድ ክር ልግዛ?

ዓሣ ማጥመድ የጀመሩ የሐበሻ ልጆች ሲደውሉልኝ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሁሌም አንድ ነው። «ስንት ፓውንድ ክር ልግዛ?» ይሉኛል። እኔም «የምትወረውረው ነገር ስንት ይመዝናል?» ብዬ እጠይቃለሁ። እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። የጠበቁት ስለ ዓሣው እንድጠይቃቸው ነበር። ክር ላይ የሚጻፈው ፓውንድ ክሩ ሳይበጠስ የሚችለው ኃይል ነው። አብዛኛው ሰው ክርን የሚያስበው በዓሣ ልክ ነው፤ ለ20 ፓውንድ ዓሣ 20 ፓውንድ ክር፣ ለ40 ደግሞ 40። ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ዳር ናይለን እንጨት ላይ ጠቅልሎ በእጁ እየወረወረ ላደገ ሰው ይሄ ሐሳብ ያስኬዳል። እዚያ የሚወረወረው ነገር ቀላል ነው፣ ርቀቱም አጭር ነው፣ ክሩን የሚፈትነው ዓሣው ብቻ ነው። ከባድ ሉር በረጅም ዘንግ ሲወረወር ግን ክሩ መጀመሪያ የሚፈተነው በውርወራው ነው። ዓሣው ገና አልመጣም። ላይመጣም ይችላል። ውርወራው ግን በየደቂቃው አለ፣ ቀኑን ሙሉ።

ሉር የምለው ያው የውሸት ዓሣውን ነው፤ ከእንጨት፣ ከፕላስቲክ ወይም ከብረት የሚሠራውን፣ መንጠቆ የተገጠመለትን።

የምጽፈው ስለማውቀው ቦታ ነው። የምኖረው ቦስተን አካባቢ ነው፣ የማጠምደውም ኬፕ ኮድ ካናል ላይ ነው። ካናሉ ሰው የቆፈረው የመርከብ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ተከፈተ፣ በ1928 የፌዴራል መንግሥት ገዛው፣ አሁን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ኮር ነው። በአንድ በኩል ኬፕ ኮድ ቤይ አለ፣ በሌላ በኩል ባዛርድስ ቤይ። ሁለቱ ባሕሮች ከፍ ዝቅ የሚሉበት ሰዓትም መጠንም አይገጥምም፣ ስለዚህ ውሃው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሮጣል፤ በየስድስት ሰዓቱ ገደማ ደግሞ አቅጣጫውን ይቀይራል። ሲበረታ በሰዓት ከ5 ማይል በላይ ይሄዳል። ወርዱ 480 ጫማ ነው፣ ማለትም 146 ሜትር ገደማ፤ ጥልቀቱ 32 ጫማ፣ ወደ 10 ሜትር። ዳር ዳሩ ሁሉ ትልልቅ ድንጋይ ተደርድሮበታል። ከድንጋዩ በላይ ደግሞ በሁለቱም በኩል አስፋልት መንገድ አለ፣ ሰው የሚሮጥበት፣ ብስክሌት የሚነዳበት፣ ሕፃናት በጋሪ የሚገፉበት። ይሄን መንገድ ልብ በሉልኝ፣ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

እንደዚህ ያለ ውሃ ላይ ቀላል ሉር ዋጋ የለውም። አንድ አውንስ የምትመዝን ብረት ብትወረውሩ ወለል ሳትነካ ውሃው ይዟት ይሄዳል። ስትራይፐሩ፣ እዚህ የምናጠምደው ትልቁ ባለ መስመር ዓሣ፣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወለሉ ላይ ነው፣ ከድንጋይና ከጉድጓድ ኋላ ተጠግቶ ውሃው የሚያመጣለትን ይጠብቃል። እዚያ ለመድረስ 4፣ 5፣ አንዳንዴም 6 አውንስ ያስፈልጋል። 4 አውንስ ማለት 113 ግራም ነው። ንጋት ላይ ማከሬል የሚባለው ትንሽ ዓሣ ሲገባና ስትራይፐሮቹ መሃል ላይ ውሃውን ሲያናውጡት ደግሞ ጨዋታው ርቀት ነው፤ ከ2 እስከ 4 አውንስ የሚመዝን ፔንስል ፖፐር፣ ውሃው ላይ እየዘለለ የሚጎተት ሉር፣ በ10 ወይም በ11 ጫማ ዘንግ እስከ መሃል መላክ አለባችሁ። መሃል ያልደረሰ ሰው ቆሞ ያያል።

አሁን ወደ ውርወራው እንግባ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

ማሽላ ሲጠብቅ ወንጭፍ ያዞረ ሰው ይሄን ለማስረዳት ብዙ አያደክመኝም። ድንጋዩ መዳፍ ላይ ሲቀመጥ ቀላል ነው፣ ሲዞር ግን ክንድ ይጎትታል። ዘንጉም ያንኑ ነው የሚሠራው። ሒሳቡ ከባድ አይደለም፤ ሉሩ ከእጃችን ሲለቀቅ በሰከንድ 30 ሜትር እየሄደ ነው እንበል፣ በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የሚዞርበት ክብ ከትከሻ እስከ ሉሩ 4 ሜትር ራዲየስ አለው እንበል። ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 225 ይመጣል፣ የምድር ስበትን 23 ጊዜ ያህል ማለት ነው። ስለዚህ ያ 113 ግራም ብረት በዚያች ቅጽበት ክሩን የሚስበው 2.6 ኪሎ ሆኖ ነው፣ ወደ 6 ፓውንድ። ይሄ የተረጋጋ፣ ለስላሳ ውርወራ ነው። ጉልበት ያለው ልጅ መጥቶ ፍጥነቱን በግማሽ ቢጨምር ስበቱ በግማሽ አይደለም የሚጨምረው፣ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ወደ 13 ፓውንድ ይጠጋል። ዓሣ የለም፣ ድንጋይ አልያዘውም፣ ገና አየር ላይ ነው ያለነው።

«እሺ፣ 15 ፓውንድ ክር ይበቃኛላ!» የሚል አለ። አይበቃም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የአዲስ፣ ያልተቋጠረና ያልተጫረ ክር ቁጥር ነው። ቋጠሮ ሲገባበት ጥንካሬው ይቀንሳል፣ የቋጠሮው ዓይነትና የቋጣሪው እጅ ይወስነዋል። ናይለን ውሃ ስለሚጠጣ ሲረጥብ ይዳከማል። ድንጋዩ ላይ ያለው ዛጎል አንዴ ከጫረው ደግሞ ስንት ፓውንድ እንደቀረው ማንም አይነግራችሁም። ከሁሉም የሚብሰው ድንገተኛው ማቆም ነው። ሉሩ እየበረረ የሪሉ፣ ማለትም የክር መጠቅለያው፣ ቀለበት በራሱ ቢዘጋ፣ ወይም ክሩ የዘንጉ ጫፍ ላይ ቢጠመጠም፣ በ100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብረት ባለበት ይቁም ማለት ነው። ያኔ የሚመጣውን ኃይል ከላይ ባለው ሒሳብ አትለኩትም።

ለዚህ ነው ከባሕር ዳርቻ የሚወረውሩ ሰዎች ዘንድ አንድ የቆየ መመሪያ ያለው። ለእያንዳንዱ አውንስ 10 ፓውንድ። 3 አውንስ ከሆነ 30፣ 5 ከሆነ 50፣ 6 ከሆነ 60። የሚቆጠረው መንጠቆው ላይ ያለው ሁሉ ነው፤ እርሳሱም፣ ብረቱም፣ የተሰካው ሥጋም፣ የጎማ ጭራውም። ጂጉ፣ ወለል ድረስ የሚሰምጠው ባለ እርሳስ ሉር፣ 4 አውንስ ሆኖ ትልቅ የጎማ ዓሣ ከለበሰ 4 አውንስ አይደለም። ሚዛን ላይ አስቀምጡት፣ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። እኔ በዚህ መመሪያ አልደራደርም። የማውቀው ሰው ሁሉ እንዲይዘውም እፈልጋለሁ፣ በተለይ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። ሰኔ ላይ፣ እሑድ ጠዋት፣ ውሃው ጥሩ ሰዓት ላይ ሲዞር ካናሉ ዳር ሰው ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቆመው። ከኋላ መንገዱ አለ። የእኛም ሰው ይመጣል፣ ቤተሰብ ይዞ፣ ቡናና ቆሎ ይዞ፣ ልጆቹ ድንጋዩ ላይ ይዘላሉ። አንድ ጠዋት ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ሰው ባለ 4 አውንስ ብረት ቀጭን ናይለን ላይ አስሮ ሲወረውር ክሩ ገና ውርወራው መሃል ላይ ተበጠሰ። ብረቱ ወደ ውሃው አልሄደም። በጎን ወጥቶ ልጆቹ ከቆሙበት እምብዛም ሳይርቅ ድንጋይ ላይ አረፈ። ማንም አልተጎዳም። ሰውዬው ራሱ ደንግጦ ተቀመጠ፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ዘንጉንና ሪሉን አንድ ላይ ነበር የገዛው፣ ክሩ ከሱቅ ተጠቅልሎ የመጣ ነው፤ ያው ሱቅ እዚያው መደርደሪያ ላይ ባለ 4 አውንሱን ብረት ሲሸጥለት ይሄ ለዚህ አይሆንም ያለው የለም። እንደዚያ ዓይነት ብረት የልጅ ጭንቅላት ቢያገኝ ምን እንደሚሆን መጻፍ አልፈልግም። የክር ቁጥር አጠገባችሁ የቆመው ሰው ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ቁጥሩን ካወቅን በኋላ የክሩ ዓይነት ይመጣል። እዚህ ላይ ሰው ብዙ ይከራከራል፣ እኔ ግን ለካናሉ ነገሩ ያለቀ ይመስለኛል። ብሬድ ነው፣ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነው። 50 ፓውንድ ናይለን 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል፤ 50 ፓውንድ ብሬድ የዚያ ግማሽ ያህል ነው፣ 0.36 ገደማ። ወፍራም ክር ከሪሉ ሲወጣ ይከብዳል፣ ነፋስ ይይዘዋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሃው ይገፋዋል። 5 ማይል በሚሮጥ ውሃ ውስጥ ወፍራም ናይለን ብታስገቡ ጂጉን ከወለል ያነሳባችኋል፣ ከዚያ ለማስቀመጥ ተጨማሪ አውንስ ትፈልጋላችሁ፣ ለተጨማሪው አውንስ ተጨማሪ ፓውንድ፣ ማለቂያ የለውም። ብሬድ ይሄን ዙር ይቆርጠዋል። በዚያ ላይ አይለጠጥም፣ ስለዚህ መሃል ላይ ያለ ጂጉ ወለሉን ሲነካ እጃችሁ ይሰማዋል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ናይለን ራሱ የወጣው በ1938 ነው። ከዚያ በፊት እነዚሁ ውሃዎች ላይ የሚጠመደው በተልባ ክር ነበር፣ እኛ ፍሬውን የምንጠጣው ተልባ፣ ከግንዱ በሚወጣው ቃጫ። የታወቀው ዓይነት ካቲሃንክ ይባል ነበር፣ ባዛርድስ ቤይ አፍ ላይ ባለችው ትንሽ ደሴት ስም። ጥንካሬው የሚቆጠረው በነጠላ ክሮቹ ብዛት ነው፣ እያንዳንዱ ነጠላ ወደ 3 ፓውንድ ይይዛል ተብሎ፤ 15 ነጠላ ማለት 45 ፓውንድ ገደማ። ከጨው ውሃ ሲወጣ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ከሪሉ ተፈትቶ መድረቅ ነበረበት፣ አለዚያ ይበሰብሳል። ይሄን ሳስብ ያኔ የነበሩ ሰዎች ለክራቸው የሰጡት ክብር ያስቀናኛል። ዛሬ ሦስት ዓመት ሪል ላይ የተቀመጠ ናይለን ይዞ የሚመጣ ስንት አለ።

ብሬድ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ባዶ ሪል ላይ በቀጥታ ከተጠቀለለ ይንሸራተታል፤ መጀመሪያ ጥቂት ሜትር ናይለን ከሥር አድርጉ። ላልቶ ከተጠቀለለ በሚቀጥለው ውርወራ ቀለበት ቀለበት ሆኖ ተተብትቦ ይወጣል፣ ያ ነው መሃል አየር ላይ ብረት የሚያስበጥሰው። ፖፐር የሚጎትት ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፣ ፖፐር ሲዘል ክሩ ስለሚላላ። ከውርወራ በኋላ የሪሉን ቀለበት በእጃችሁ ዝጉት፣ ክሩን አንዴ ሳብ አድርጋችሁ አጥብቁት፣ ከዚያ ጠቅልሉ። ልማድ እስኪሆን ድረስ አስቡበት። ሌላው ጣት ነው። 5 አውንስ በብሬድ ስትወረውሩ ክሩን የያዘችው አመልካች ጣት ትቆረጣለች። ጓንት ወይም የጣት መከላከያ አድርጉ።

ታዲያ ለምን 80 ፓውንድ አስሬ አልገላገልም የሚል ይኖራል። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው ያው ውፍረት ነው፣ ርቀት ይቀንሳል፣ ውሃው ይገፋዋል። ሁለተኛው ድንጋዩ ነው። ካናሉ ወለል ላይ ጂጉ መያዙ የማይቀር ነው፣ የተያዘውን ደግሞ መበጠስ አለባችሁ። 80 ፓውንድ መበጠስ የጠንካራ ሰው ሥራ ነው፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ቆሞ ሲሆን ደግሞ አደጋ ነው። 50ውም ቢሆን ቀልድ የለውም። ብሬድን በምንም ዓይነት እጃችሁ ላይ አትጠቅልሉ፣ ሥጋ ይቆርጣል። አጭር ዱላ ያዙ፣ ክሩን ዱላው ላይ ጠቅልሉ፣ ዘንጉን አስቀምጡት፣ ፊታችሁን አዙሩና ወደ ኋላ ሂዱ። ጂጉ ድንገት ከተላቀቀ በቀጥታ ወደ እናንተ ነው የሚመጣው። መነጽር ለዓይን እንጂ ለጌጥ አይደለም። ዘንጉን ቀስት አድርጎ እየነቀነቀ ሊያስለቅቅ የሚሞክር ሰው ካያችሁ ደግሞ ራቁለት።

ሊደር ላይ፣ ማለትም ከዋናው ክር ጫፍ እስከ ሉሩ በሚቀጠለው ክር ላይ፣ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቀጭን ብሬድ፣ ለምሳሌ 30፣ አድርጎ ፊቱ ላይ ረጅም ወፍራም ናይለን መቀጠል ነው፣ የውርወራውን ጫና እሱ እንዲሸከም። እንዲሠራ ሊደሩ ከሉሩ ተነስቶ ዘንጉን አልፎ ሪሉ ላይ አምስት ስድስት ዙር መጠምጠም አለበት፤ ለ11 ጫማ ዘንግ 5 ሜትር ገደማ ይሆናል። አሸዋማ ባሕር ዳርቻ ላይ፣ ሰፊ ቦታ ሲኖር፣ ርቀት የሚፈልግ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ልክ ነው። ካናሉ ላይ ግን እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ብሬዱን ራሱን 50 ማድረግ፣ ፊቱ ላይ አንድ ሜትር ያህል 50 ወይም 60 ፓውንድ ናይለን ወይም ፍሎሮካርቦን የሚባለውን ክር መቋጠር። ቋጠሮው በዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ ስለማያልፍ በጨለማ የምጨነቅበት አንድ ነገር ይቀንሳል፣ ሊደሩ ድንጋይ ሲጭረው ደግሞ ቆርጬ በሁለት ደቂቃ ሌላ አስራለሁ። 6 አውንስ የምወረውር ከሆነ ብሬዱን ወደ 65 ከፍ አደርጋለሁ፣ ሱቅ የሚገኘው ከ50 ቀጥሎ እሱ ስለሆነ።

ብሬዱንና ሊደሩን የሚያያይዘውን ቋጠሮ ኤፍጂ የሚባለውን አድርጉት። መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፣ ብሬዱ ናይለኑ ላይ እየተጠላለፈ ነው የሚሄደው። ቤት ቁጭ ብላችሁ ተለማመዱት፣ ጨርሳችሁ በሙሉ ጉልበት ሳቡት፤ ከተንሸራተተ እዚያው ቤት ይንሸራተት። እስኪለመድ ድረስ አልበርቶ ቋጠሮ ይሠራል። ናይለን ስትቋጥሩ ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት፣ በደረቁ ሲጠብቅ ራሱን ያቃጥላል። ከዚያ በኋላ ያለው ልማድ ነው፤ ሁሌ ጥቂት ወርውሬ የመጨረሻውን ክንድ ያህል በሁለት ጣቴ መሃል አሳልፋለሁ። ሻካራ ነገር ከነካኝ እቆርጣለሁ። ዓሣ እየበላ ቢሆንም እቆርጣለሁ፣ ያኔ ልብ ቢመታም።

አሁን ዓሣው። ስትራይፐር ለመያዝ 50 ፓውንድ አያስፈልግም፣ 30 ብዙ ትልልቅ ዓሦች ያወጣል። ግን ለውርወራው ብለን ያሰርነው ክር ለዓሣውም ውለታ ይሠራል። ከ2023 ጀምሮ እዚህ ማሳቹሴትስ ውስጥ የሚወሰደው ከ28 እስከ 31 ኢንች ያለው ብቻ ነው፣ እሱም በቀን አንድ። ስለዚህ የምትይዙት አብዛኛው ወደ ውሃ ይመለሳል። የአትላንቲክ ጠረፍ ግዛቶች የዓሣ ኮሚሽን ከሚለቀቁት ስትራይፐሮች 9 በመቶው በኋላ ይሞታል ብሎ ነው የሚያሰላው። ረጅም ጊዜ የታገለ ዓሣ፣ በተለይ ሐምሌ ላይ ውሃው ሲሞቅ፣ ደክሞ ነው የሚወጣው። በጠንካራ ክር ድራጉን፣ ዓሣው ሲስብ ክር የሚለቀውን የሪሉን ፍሬን፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ቶሎ ታወጡታላችሁ፣ ቶሎ ትለቁታላችሁ። ድራጉን የክሩን ሩብ ገደማ አድርጉት፤ 50 ከሆነ 12 ፓውንድ አካባቢ። በእጅ ግምት ሳይሆን በሻንጣ ሚዛን ለኩት፣ አገር ቤት ስንሄድ የምንገዛው ዓይነት።

ዘንጉ ላይ የተጻፈውንም አንብቡ። ከመያዣው በላይ ሁለት ቁጥር አለ፣ አንዱ የሉር ክብደት፣ ሌላው የክር ጥንካሬ። እስከ 3 አውንስ የሚል ዘንግ ላይ 65 ፓውንድ ክር አስራችሁ 6 አውንስ ብትወረውሩ ክሩ አይበጠስም፣ ዘንጉ ይሰበራል። ልጅ ይዛችሁ ከመጣችሁ ደግሞ ከባዱን ዘንግ አትስጡት። አንድ አውንስ ሉር፣ 7 ጫማ ዘንግ፣ 20 ፓውንድ ብሬድ፣ ውሃው ቀስ በሚልበት ሰዓት። እዚያው ዳር፣ ከድንጋዩ ሥር፣ ለልጅ የሚበቃ ዓሣ አይጠፋም።

በየዓመቱ ናይለኑን ቀይሩት፣ ብሬዱ ቀለሙ ቢለቅም ካልሻከረ ይቆያል። የተቆረጠውን ክር ድንጋዩ ላይ አትተዉ፣ ወፍ እግሩ ይጠመጠምበታል። ብዙ የማጥመጃ ቦታ ላይ ለአሮጌ ክር የቆመ የፕላስቲክ ቱቦ አለ፣ ናይለንና ፍሎሮካርቦን እዚያ ይገባል። ብሬድን ግን አይቀበሉትም፤ እሱን ቤት ወስዳችሁ በመቀስ አሳጥራችሁ ቁረጡትና ከቆሻሻው ጋር ጣሉት።